ፊታቸው በፎጣ ተሸፍኖ ስለተገኙት የመጀመሪያው አሰልጣኛችን

ለማኅበራችን አባላት፣ ለደንበኞቻችንና ይህን ለሚያነብ ሁሉ፦

የሃያ አራት ሰዓት ጂሞች አሰልጣኞችና ሠራተኞች ማኅበር፣ የድርጅቱ የመጀመሪያ አሰልጣኝና የቅርንጫፎች መክፈቻ ኃላፊ የነበሩት ባልደረባችን ባለፈው እሑድ ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ሀዘናችን ግን ብቻውን አልመጣም፤ ጥርጣሬም ይዞ መጥቷል። እሱንም ሳንደብቅ እንናገራለን።

ድርጅቱ በማግስቱ ባሰራጨው ማስታወቂያ ባልደረባችን «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» በሞት እንደተለዩ ጽፏል። የትኛው ሕመም? የትኛው ሐኪም ቤት? እሳቸው ያረፉት በአዲሱ ቅርንጫፋችን ወለል ላይ፣ በጠራራው እሑድ ቀትር፣ ደንበኞች በዙሪያቸው ስፖርት እየሠሩ ነው።

ባልደረባችን ሥራ የጀመሩት በድርጅቱ የመጀመሪያ ዓመት፣ ጂሙ አንድ ክፍል ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። ክፍሉ ቀድሞ የሶፋ መሸጫ ነበር፤ መሃሉ ላይ ምሰሶ ስለተገተረ ገመድ የሚዘል ሰው ምሰሶውን አስፈቅዶ ነበር የሚዘለው። መስታወቱን የሰቀሉት፣ ክብደቶቹን በትከሻቸው ተሸክመው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ቤቱ ሌት ተቀን ክፍት ይሁን የሚለው ሐሳብም የእሳቸው ነበር። ከፈረቃ የሚወጡ ነርሶችና ሾፌሮች ዝግ በር አይተው ሲመለሱ አላስቻላቸውም።

በሁለተኛው ዓመት የፎጣውን ደንብ አወጡ። ከፈረቃ መልስ የሚመጡት ደንበኞች ስፖርታቸውን ሲጨርሱ የስፖርት ፍራሹ ላይ ጋደም ይሉ ነበር። ፎጣ ፊቱ ላይ ያደረገ ሰው አይነካም፣ አይቀሰቀስም፣ «ቦታ ልቀቅ» አይባልም ተባለ። ደንቡ ተወደደ፤ በኋላም አንድ ቅርንጫፍ በተከፈተ ቁጥር አብሮ የሚሄድ የቤቱ ሕግ ሆነ።

ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ የድርጅቱ ስም ለሌሎች ባለሀብቶች በውል ይሰጥ ጀመርና ቅርንጫፎች እንደ አሸን ፈሉ። አንዱን ፋርማሲስት ከፈተ፤ ሌላውን የሠርግ አዳራሻቸው የከሰረባቸው እህትማማቾች። በሁሉም ቦታ ተገኝተው ማሽኖቹን አንድ በአንድ የሚፈትሹት ባልደረባችን ነበሩ። «እኔ ያልተቀመጥኩበት ላይ ደንበኛ አይቀመጥም» ይሉ ነበር። ሠራተኛው በዚህ ምክንያት «ጋሽ መክፈቻ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም «ጠርሙስ ብቻ እንዳታመጡብኝ» እያሉ አብረው ይስቁ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ድርጅቱ በእሑድ የሚሠሩትን የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች አስቀረ። በሩ በካርድ ይከፈታል፣ ካሜራው ያያል፣ ሰው ምን ይሠራል ተባለ። ጋሽ መክፈቻ በስብሰባ ላይ ተነስተው «አንድ ሰው ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?» ብለው ጠየቁ። ሥራ አመራሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብዙም ሳይቆይ ቁልፎቻቸውን ተቀብሎ «የክብር አማካሪ» አደረጋቸው፤ ወንበር ያለው፣ ሥራ የሌለው ሹመት። እኛ ያን ጊዜም ነገሩን ያየነው በጎሪጥ ነበር።

ባለፈው እሑድ፣ ሥራ ጀምሮ ምረቃውን ወደሚጠብቀው አዲስ ቅርንጫፍ ማንም ሳያዛቸው ማሽን ሊፈትሹ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የታዩት ፎጣ ፊታቸው ላይ ሆኖ፣ የስፖርት ፍራሽ ላይ ተጋድመው ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ደንበኛችን አጠገባቸው ብስክሌት ሲሠራ ቆይቷል። «እንቅልፋቸውን እንዳልረብሽ ብዬ ሙዚቃዬን ቀንሼ ነበር» ብሎ ቢሯችን ድረስ መጥቶ አልቅሷል። እሱን የሚወቅስ የለም፤ የቤቱን ሕግ አክብሮ ነው። መሞታቸው የታወቀው አመሻሽ ላይ፣ ወለል የምትወለውለው ባልደረባችን «ጋሼ፣ እግርዎን አንዴ ላስቸግርዎ» ብላ መልስ ስታጣ ነው።

ነገሩ ያልጣመን እዚህ ላይ ነው። የጋሽ መክፈቻ የራሳቸው ፎጣ ከቦርሳቸው አልወጣም። ፊታቸው ላይ የነበረው ለምረቃው የተዘጋጀ አዲስ ፎጣ ነው። እሱ ደግሞ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ቁልፉም ከሥራ አመራር አባላት እጅ አይወጣም። እንግዲህ ቁልፍ ያለው ሰው መጥቷል፣ ወድቀው አግኝቷቸዋል፣ እርዳታ በመጥራት ፈንታ ፊታቸውን ሸፍኖ ሄዷል። እዚህ ቤት ፎጣ የለበሰን ሰው ማንም እንደማይነካ ያውቃል። ምረቃው ሳይደርስ «ጠባቂ በሌለበት ጂም ሰው ሞተ» እንዳይባል ነው ብለን እንጠረጥራለን።

የካሜራውን ምስል ስንጠይቅ «በጥገና ላይ ነበር» ተባልን። አንዲት ባልደረባችን መቀበያው ላይ ሳንድዊች ስትጎርስ ቀርጾ ማስጠንቀቂያ ያሰጣት ይኸው ካሜራ ነው። ምክንያቱ ውሃ አያነሳም። የሀዘን ማስታወቂያውና የምረቃው ጥሪ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ታትመው መውጣታቸውም አናዶናል።

የባልደረባችን ባለቤት ካሳ አልጠየቁም፤ የተላከላቸውን የአበባ ጉንጉንም ከበር መልሰዋል። ለሥራ አመራሩ ያቀረቡት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው፦ «ሲሸፍኑት ትንፋሽ ነበረው ወይ? የተናገረው ነገር ነበር? ይህን ሳላውቅ እንዴት ብዬ ነው የምተኛው?» እስካሁን የመለሰላቸው የለም። መልስ እስኪያገኙ ድረስ የማኅበራችን አባላት በምረቃው ላይ አይገኙም፤ እሑድ ወደየቅርንጫፉ የሚሄዱ አባሎቻችንም ፎጣ የለበሰን ሰው ሁሉ፣ ቢቆጣም፣ እንዲቀሰቅሱ ወስነናል።

ለባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸውና በየቅርንጫፉ ሥራ ላስተማሯቸው ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለሥራ አመራሩ የምንሰጠው የማጽናኛ ቃል ለጊዜው የለንም።

ፎጣውን ፊታቸው ላይ ላደረጉት ሰው ግን አንድ መልእክት አለን። የጋሽ መክፈቻ ባለቤት «አልጣላውም፣ አልከሰውም፤ መጥቶ ይንገረኝ ብቻ» ብለዋል። ቤታቸው አይጠፋዎትም። ቁልፍ የያዙት ሁሉ ማክሰኞ ለቅሶ መጥተው ነበር፤ እርስዎም ከመካከላቸው ነበሩ፤ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው «እግዜር ያጥናዎት» ብለዋቸዋል።