የጉማሬዎቹ መውጫ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ መተማ

ደርሶ የሚባለው የጡት ልጄ የአርበኞቹን መሻገሪያ ዛሬ ለጣሊያን አሳየብኝ። ማር የነካ አውራ ጣቴን አጥብቼ በሽማግሌ ፊት ልጄ ያልሁት እሱ ነው።

«የጣሊያኑ ሹም ጉማሬ ማየት ይፈልጋል» ቢለኝ በጀልባው አብሬ ገባሁ። የጓንግ ወንዝ ውኃ ገና ከሸምበቆው ውስጥ አልሸሸም። ደርሶ እየቀዘፈ ስለ አዞውም ስለ ወፉም ሹሙ በሚያውቀው ዐረብኛ ያስረዳል፤ ሹሙ ይስቃል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ጉማሬዎቹ ከሚወጡበት ዳር ስንደርስ፣ «ሽፍቶቹም የሚሻገሩት በዚሁ ነው» አለው። ዐረብኛ እንደምሰማ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ሹሙ ጉማሬ አላየም፤ ዳሩን ብቻ ሲያይ ቆየ።

ጉማሬ የሚወጣበት ዳር ለሰውም ይመቻል ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከነጓደኞቹ ከሱዳን የሚመለሰው በዚያ ነው።

ከጀልባው ስንወርድ፣ «ማንን ነው ሽፍታ ያልኸው? አጎትህን?» አልሁት።

«እርስዎ ደግሞ፣ አባባ! ጊዜው የነሱ ነው። አጎቴም ለጣሊያን ቢገባ ይሻለዋል።»

«አንተ ገብተሃል፤ ከቤታችን አንድ ይበቃቸዋል።»

ወንድሜ በሌላ በኩል እንዲሻገር ሰው ልኬለታለሁ። ይድረስለት አይድረስለት አላውቅም።

ደርሶ ከሹሙ ጋር ሄዷል፤ የት ሄደ ብሎ ጎረቤት ቢጠይቀኝ አላውቅም እላለሁ። ይህን ነገር ከዛሬ በኋላ ለማንም አላወራውም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን።