ለሐይቅ ዳሩ ሰው ዋስ መሆን

ኅዳር ፭፣ አቦ። ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ።

ለአንተ፣ ለዕለት ማስታወሻዬ። የምጽፍልህ እኔ መሪጌታ ፈንታሁን ነኝ፤ የቅኔ መምህር፣ የደብረ ታቦር ነዋሪ። ምክንያቴም ይህ ነው፦ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ምስክርነት እንድሰጥ ተጠይቄአለሁ። ያየሁትን በየዕለቱ ካልጻፍሁ፣ የምስክርነቱ ቀን ሲደርስ ያየሁትን ትቼ የወደድሁትን እንዳልናገር እሰጋለሁ። አንተ አታዳላም። ስለዚህ ያዝልኝ።

ደቀ መዛሙርቱን ቅኔ ሳስቆጥር ከፖ/ጣቢያ ተጠራሁ። ኢንስፔክተር ብርቱካን ናት የጠራችኝ። የይፋግ ልጅ፤ ቀጥ ያለች፣ ንግግሯ አጭር። አዲስ ዕቅድ መጥቷል አለች። «የነባር ተወላጆች የፖሊስነት መሰላል» ይሉታል። ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር ከኖሩት ከወይጦዎች መካከል ፖሊስ የሆነ እምብዛም የለም። እንግዲህ ወጣቶቻቸው በሦስት እርከን ይወጣሉ፦ በመጀመሪያ የጣቢያ ረዳት፣ ቀጥሎ ማሠልጠኛ፣ በመጨረሻ ፖሊስ ሆኖ ወደ ወገን መመለስ። ከመጀመሪያው እርከን ወደ ሁለተኛው ለመሻገር የአገር ሽማግሌ ዋስትና ያስፈልጋል። ዋሱም እጩውን በቤቱ ያኖረ፣ ጠባዩን በዓይኑ ያየ መሆን አለበት። ዋስ ያጣ ወደ ታንኳው ይመለሳል።

ጠረጠርሁ። በዚህ ዘመን መሰላል የሚያቆም ሰው አስቀድሞ ፎቶግራፍ አንሺ ይጠራል። እጩው ቤት የሚያከራየው ማጣቱን ስትነግረኝ ግን ጥርጣሬዬን በልቤ ያዝሁት። በሰፈራችን ያለ አከራይ ሁሉ ክፍሉ ተይዟል ብሎታል። ክፍሎቹ ባዶ መሆናቸውን አውቃለሁ። በየደጁ አልፋለሁና።

የጓሮ ክፍሌን እሰጣለሁ አልሁ። ከርኅራኄ አይደለም። ከቅርብ ላየው ነው።

ኅዳር ፯፣ ሥላሴ። እሑድ።

መጣ። ሰይድ ይባላል። ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ካለ መንደር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዕድሜው ሃያዎቹን ያጋመሰ። ጫማውን ከደጅ አውልቆ ገባ። አባቱ የደንገል ታንኳ ሠሪ፤ እርሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል።

ሰላምታ ሲሰጠኝ «የኔታ» አለኝ። እንዲህ የሚሉኝ ያስተማርኋቸው ብቻ ናቸው። እርሱን ምን አስተማርሁት? ሽንገላ ይሆናል። ወይም ተማሪዎቹ ሲሉ ሰምቶ። መዝግበው።

ራት ቀረበ። ባለቤቴ ወ/ሮ የሺ ለእርሱ በሳህን ለብቻው አቀረበችለት። ውኃውን በአረንጓዴዋ ኩባያ፤ የቆርቆሮ ናት፣ ጠርዟ የተላጠ። ጠጥቶ ሲጨርስ አለቅልቃ ከጓዳው በር ውጭ፣ ምስማር ላይ ሰቀለቻት። በዓይኗ ጠየቀችኝ። ተገቢ ነው አልሁ። የቤታችን ዕቃ የክርስቲያን ሥጋ የነካው ነው፤ እርሱ እስላም ነው። ለሃይማኖቱም ክብር ነው። ሥርዓት ያለ ልዩነት አይቆምም።

አመሰገነ። በላ። ቀና ብሎ አላየም።

ኅዳር ፱፣ ማክሰኞ።

ለምን ፖሊስነትን እንደ መረጠ ጠየቅሁት። አባቱ አንድ ጊዜ ታንኳው ተሰርቆበት ሊያመለክት ከሐይቁ ወደ ከተማ ወጥቶ ነበር አለኝ። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልነገረኝም። በር ላይ ያለው ዘበኛ «ቆይ» አለው። ቆየ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ውሎ፣ ማንም ሳያናግረው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ከመንደራቸው ማንም ክስ ይዞ አልወጣም።

በቀል ሸተተኝ። ስለዚህ በግልጽ ጠየቅሁት፦ ማዕረግ ስታገኝ ያን ዘበኛ ትፈልገዋለህ?

«አልፈልገውም የኔታ። በሩ ላይ ግን እኔ እቆማለሁ» አለ።

መልሱ ያማረ ነው። ቅኔ ሳስተምር የኖርሁ ነኝ፤ ሰሙ ሲያምር ወርቁን እመረምራለሁ።

ኅዳር ፲፣ ረቡዕ።

ያልሁት ደረሰ። ፎቶግራፍ አንሺዎች ወደ ጣቢያው መጡ። ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። ሰይድን ባንዲራው ሥር አቆሙት፤ አንዱ ከፖሊስ ራስ ላይ ባርኔጣ አንሥቶ ደፋበት። ሰይድ አወለቀና በሁለት እጁ መለሰለት። ገና አላገኘኋትም አለ። ፎቶ አንሺው ለአንድ አፍታ ነው እኮ ብሎ ለመነው። እንቢ አለ። ባዶ ራሱን አነሡት።

ይህን ወደድሁለት። ከወደድሁ በኋላ ደግሞ ራሴን ጠረጠርሁ፦ እኔ ከኋላ መቆሜን አውቆ ቢሆንስ?

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል። ዓርብ።

ታላቅ ክብረ በዓል። መንገዱ በሕዝብ ተጨንቋል። ሰይድ የረዳት ሰደርያ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሰልፍ ያስይዛል። የወይጦ አባቶች ጉማሬ ያድኑ ነበር ስለሚባል ስድቡ ዘወትር ከዚያው ነው። አንድ ጎረምሳ ጮኾ፦ «ጉማሬ አዳኙ! ሐይቁ አልበቃ ብሎህ እኛን ልታጠምድ መጣህ?»

ሰዉ ሳቀ። ሰይድም አብሮ ሳቀ። «ጉማሬስ ተራውን ያውቃል ወንድምዓለም። አንተ ነህ የጣስኸው። በል ወደ ኋላ!»

ሳቁ ዞሮ ጎረምሳው ላይ ወደቀ። አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ሄደ።

ስድብን በሳቅ የሚመልስ ሰው ወይ ታጋሽ ነው፣ ወይ ቂሙን የሚያከማችበት ጎተራ አለው። ጥርስ ባዳ ነው። የትኛው እንደሆነ አልለየሁም።

ኅዳር ፲፭፣ ሰኞ። ጾመ ነቢያት ገባ። ጧት።

ወ/ሮ የሺ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ግቢ አውጥታ በአመድና በሙቅ ውኃ ታሻለች። ድስት፣ ጭልፋ፣ ሳህን፣ ብርጭቆ። የፍስክ ቅባት በጾም ዕቃ ላይ እንዳይቀር፤ የእናቷ ሥርዓት ነው። ሰይድ ወደ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ከቧንቧው ውኃ እየቀዳ አቀበላት። ማንም አላዘዘውም። ለዋስትናው ይሆን?

አረንጓዴዋ ኩባያ ምስማሯ ላይ ናት። ያወረዳት የለም።

የዚያው ዕለት፣ ማታ።

ሽሮና ጎመን። በቤቱ ሥጋ የለም፤ ዕቃውም ጠርቷል። ሰይድ ግን ዛሬም በሳህን ለብቻው፣ ውኃውም በዚያችው ኩባያ። እርሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ ለባለቤቴ፣ ምክንያቱ እኮ ሥጋው ነበር አልኋት።

«አንቱ አይደሉ ተገቢ ነው ያሉ?» አለች። የምታነሣውን ሳህን መልሳ አስቀመጠች። «ደሞስ ሼህ እንድሪስ ሲመጡ በምን ነው የሚጠጡት? በኛው ብርጭቆ አይደል? እስላምነቱ ቢሆን ኖሮማ...» አልጨረሰችውም።

ሼህ እንድሪስ የቅርብ ጎረቤቴ ናቸው። ዋስትናው በሚመረመርበት ሸንጎም አብረውኝ ተመርጠዋል። ከብርጭቆዬ መጠጣት ከጀመሩ ጸጉራችን ሸብቷል።

እንግዲህ ነገሩ ሥጋም ሃይማኖትም አይደለም። ምን እንደሆነ ለመጻፍ ብዕሬን አነሣሁ። የጸሎት ሰዓት ደርሷል።

ኅዳር ፲፰፣ ሐሙስ።

ኩባያዋ የለችም። ምስማሩ ባዶ ነው።

ወ/ሮ የሺ ጓዳውን፣ ግቢውን፣ የተማሪዎቹን ጎጆ ሳይቀር ፈተሸች። ከውጭ የገባ ሰው የለም። ተማሪዎቼ አልወሰዷትም፤ ሊወስዷት ይቅርና ሊነኳት ይጸየፋሉ። የቀረው አንድ ሰው ነው።

የጠረጠርሁት እጄ ላይ መጣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አልጠየቅሁትም። የተጠየቀ ሰው ይጠነቀቃል፤ ያልተጠየቀ ራሱን ይገልጣል። ሲመሽ ገባ። ባለቤቴ ውኃ ልስጥህ ስትለው ከውጭ ጠጥቼ መጣሁ አላት። የበደለኛ መልስ።

ኅዳር ፲፱፣ ገብርኤል። ዓርብ። ከጣቢያ መልስ።

ሳልናገር ሄድሁ። ሆን ብዬ። ፖሊሶቹ ከጥላ ሥር ሻይ ይጠጣሉ፤ ጨዋታው ደምቋል፤ አንዱ የጨረሰበትን ብርጭቆ ሌላው ያስቀዳበታል። ሰይድ ከግድግዳው ጥግ ብቻውን ቆሟል። እኔን ሲያይ በእጁ የያዘውን ዕቃ ከጃኬቱ ሥር ወሸቀው። ጫፉን አየሁ። አረንጓዴ ነው። ንጹሕ እጅ አይደብቅም።

ኢንስፔክተሯ የማላውቀውን ነገረችኝ። በዚህ ሳምንት አንዲት መበለት፣ መረቧ ቢሰረቅባት፣ ከሐይቁ ዳር እዚህ ድረስ መጥታ አመለከተች። ከዚያ ዳር ሰው ክስ ይዞ ሲመጣ ኢንስፔክተሯ አይታ አታውቅም። በሩ ላይ የተቀበላት ሰይድ ነው። ወንበር ሰጣት። ነገሩ ሲጣራ ሌባው የሰይድ የአጎቱ ልጅ ሆነ። ፖሊሶቹን ወደ ሌባው ቤት የመራ፣ ራሱ ሰይድ ነው። ዘመዶቹ እስካሁን በስልክ ይረግሙታል።

ይህ ከበደኝ። ዘመዱን ለሕግ የሚሰጥ ሰው የሰው ኩባያ ይሰርቃል? ወይስ ሕጉ ለሌላው ነው፣ ለራሱ አይደለም? እንዲህ ያሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ በአደባባይ ጻድቅ፣ በጓዳ ሌላ።

ሸንጎው ረቡዕ ይቀመጣል። ከእኔ ቃል በቀር የቀረው የለም። እሺ ካልሁ ወደ ማሠልጠኛ፣ እንቢ ካልሁ ወደ ሐይቁ። ሌላ ዋስ የሚሆን በከተማው እንደማያገኝ አውቃለሁ።

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን። እሑድ።

ማኅሌት ቆምሁ። ጸናጽሉ በእጄ፣ ልቤ ሌላ ዘንድ።

ከወ/ሮ የሺ ጋር ተቃቃርን። የኩባያዋን ነገር ለሸንጎው እናገራለሁ ስላት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ለዚያች ለተላጠች? እሱ ሲሄድ ልጥላት አልነበረም እንዴ! ማን ይጠጣባት ነበር? እስቲ አንቱ ይጠጡባት ነበር?»

ሌብነት በዕቃው ዋጋ አይለካም አልኋት። ዛሬ ኩባያ፣ ነገ የመንግሥት ጠመንጃ።

«ይሁን፤ ሊቅ አንቱ ነዎት» ብላ ወጣች። ስትቆጣ ነው ሊቅ የምትለኝ።

ሕጉን መለስሁላት። ጥያቄዋን አልመለስሁም። ይህንንም ጻፈው።

ኅዳር ፳፬፣ ተክለ ሃይማኖት። ረቡዕ።

አስቀድሜ ውሳኔውን ልጻፍ፤ ኋላ ብዕሬ ይሰንፍ ይሆናል። ለሰይድ ዋስ ሆኛለሁ። በስሜ፣ በማዕረጌ፣ በቤቴ። ቅዳሜ ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳል። እንዴት እንደ ፈረምሁ ደግሞ ይህ ነው።

ሸንጎው በጣቢያው አዳራሽ ነበር። ኢንስፔክተሯ፣ ሼህ እንድሪስ፣ እኔ። ሰይድ ከፊታችን ቆሟል። ሼህ እንድሪስ ስለ ጠባዩ ጠየቁኝ። በሥራው እንከን አላየሁም አልሁ። ድምፄን ሳላወርድ ቀጠልሁ፦ ከቤቴ አረንጓዴ ኩባያ ጠፍታለች። እዚሁ ጣቢያ ከጃኬቱ ሥር ሲደብቃት አይቻለሁ። የሰው ዕቃ ሳይጠይቅ ለሚያነሣ ዋስ አልሆንም።

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሰይድ አልካደም። ቦርሳውን ከፍቶ ኩባያዋን አወጣና ከጠረጴዛው ላይ፣ ከእጄ አጠገብ አኖራት። አላወቅኋትም ማለት ይቻላል። በአመድ ታሽታ ታበራለች፤ ያው የተላጠው ጠርዟ ብቻ ነው የመሰከረላት። እጄን ሰበሰብሁ። ሳላስበው ነው የሰበሰብሁት። አየኝ።

ኢንስፔክተሯ ለምን ወደ ጣቢያ እንዳመጣት ጠየቀችው። እርሱ የጠጣበትን ብርጭቆ ፖሊሶቹ ለብቻ ሲያገልሉት አይቶ፣ ሰው እንዳይቸገር የራሱን መያዝ እንደ ጀመረ ነገራት። ኢንስፔክተሯ ፊቷ ደም መሰለ። ታዲያ ከመሪጌታ ለምን ደበቅሃት አለችው። የኔታ በቤታቸው ያኖሩት ሰው እዚህ እንዴት እንደሚጠጣ አይተው እንዳያዝኑ ነው አለ።

ሼህ እንድሪስ ጺማቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ቢናገሩ በቀለለኝ።

እኔ ግን መመርመር ጀምሬ በመካከል የምተው ሰው አይደለሁም። አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ ጠየቅሁት። ከቤቴ ስታነሣት ያንተ እንዳልሆነች እያወቅህ፣ ባለቤቴን ሳትጠይቅ፣ እንዴት? አልሁት። የመለሰልኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፦

«የኔታ፣ ለጾሙ የቤትዎ ዕቃ ሁሉ ሲታጠብ ውኃ የቀዳሁ እኔ ነኝ። እሷ ብቻ ከምስማሯ ሳትወርድ ቀረች። የቤቱ ብትሆን አብራ ትታጠብ ነበር፤ የኔ ናት ብየ ነው።»