አልጋ የለም ሲሉን አልጋ ነበር

ወይኒዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። የጀሞ ጭቃ ደርቆ አቧራ መሆን ጀምሯል። ልጃችን ሜሮን ፀጉሯን ራሷ መሥራት ተምራለች፤ መሐሉ ላይ ያለው መስመር ጠመም ይላል፣ እኔ ግን አልነግራትም። ሱቅሽን እህትሽ ይዛዋለች። እንዳንቺ ከደንበኛ ጋር መጫወት አትችልበትም፣ ቢሆንም አልተዘጋም። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሐዘን ያደክማል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ንዴት ነው።

የሳንባ ምች ትንፋሽሽን ሲነጥቅሽ ከፎቅ አዝዬ ያወረድኩሽን ቀን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ወጣቱ ሐኪም ኦክስጅን አደረገልሽና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተሽ በማሽን ካልተነፈስሽ አይሆንም አለኝ። ወዲያው ደግሞ አልጋ የለም አለ። ሌሎቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ጋ ሲደውል አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ የሁሉም መልስ አንድ ነው። የግል ሆስፒታል አልጋ ነበረ፣ ግን የሚጠይቁት ማስያዣ ሱቅሽንም የቧንቧ መሣሪያዎቼንም ብሸጥ የሚሞላ አልነበረም። ቢቸግረኝ የእድራችን ዳኛ ጋ ደወልኩ። አዝነው፣ ደንቡ ለቀብር እንጂ ለሕክምና አይፈቅድም አሉኝ። በማግስቱ ስታርፊ ግን ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም እኔ ቤት ሳልደርስ ደርሰው ጠበቁኝ። ለመሞት ነው እንጂ ለመዳን ማን ይደርስልናል።

እዚያ ድንኳን ውስጥ ጋሽ ደመረ መጡ። ለቡ ቤታቸው ሻወር የሠራሁላቸው ሰውዬ ናቸው። ደንበኞቼን በተበላሸባቸው ዕቃ ስጠራ ትስቂብኝ የለ፣ “ሻወር ለቡ” የምላቸው እሳቸው ናቸው። እጄን ይዘው ምን ሆና ነው አሉኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። ምነው ብትደውልልኝ፣ የእህቴ ልጅ እኮ እዚያው ክፍል ሐኪም ነው፣ አንድ ስልክ ይበቃው ነበር አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በደግነት እንደተናገሩት አውቃለሁ፣ ግን የያዝኩትን ንፍሮ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። አልጋው ነበር፣ ወይኒዬ። ሰው ላለው ሰው ነበር። አንቺ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ መሐል የሚገባውን ጎረምሳ በኮሌታው ይዘሽ ወደ ኋላ የምትመልሺ ሴት፣ ሰልፍ በሌለበት ቦታ ተራሽን ስትጠብቂ ሞትሽ።

ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ ከድጃ ልጅ፣ ነስሩ፣ ሀና ማርያም ሰፈር ከሚሠራ ሕንፃ ላይ ወደቀ። ጭንቅላቱን ነው የተመታው። ያው ሆስፒታል፣ ያው መልስ። አንቺ ታመሽ ስንንከራተት ሜሮንን ከልጆቻቸው ጋር ያበሉ ያሳደሩ እሳቸው ናቸው። ኮሪደሩ ላይ መሬት ቁጭ ብለው ሳያቸው ሁለት ጊዜ አላሰብኩም፣ ስልኬን አውጥቼ ጋሽ ደመረ ጋ ደወልኩ። ብዙም ሳይቆይ ነስሩ ተጠርቶ ገባ።

ተርፏል። አሁን ቀና ብሎ ሾርባ ይጠጣል። እናቱ ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኛል፣ እኔ ግን ምርቃቱን ቆሜ መስማት አቅቶኛል። እኛ ስንጠራ አግዳሚው ላይ አንድ ሰውዬ ነበር። ሚስቱ ከእኛ በፊት የመጣች ናት፣ ኦክስጅን ላይ ነበረች። ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ያን ቀን ባንቺም ተራ ላይ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ይሆናል።

ማንን ልርገም? የደወለውን እንዳልረግም እኔም ደውያለሁ። ነገም ሰው ቢቸገርብኝ እደውላለሁ፣ ልጁ ይሙት አልልም። ደሜን የሚያፈላው ይኼው ነው። ከተማው በየቀኑ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ያቆማል፤ መተንፈሻ ማሽን ሲባል ግን የለም ይባላል፣ እኛም የራሳችንን ሰው ለማዳን የሌላውን ሰው ትንፋሽ እንሻማለን። ይህን ያመጡብን ሰዎች ሲታመሙ ግን ኮሪደር ላይ አይቀመጡም።

በማግስቱ ነስሩን ልጠይቅ ስሄድ ሰውዬው አግዳሚው ላይ አልነበረም። ሚስቱ አልጋ አግኝታ ይሁን ሞታ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስምሽን በጸሎት አስጠራለሁ፣ ከዚያም በኋላ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ። የዚያችን ሴት ስም ባውቀው ኖሮ፣ ካንቺ ጋር አስጠራው ነበር።

ባለቤትሽ፣
ታደሰ