የእናቴን ሐሙስ ስለበላው የጋራ ሠንጠረዥ

ለታችኛው ቦይ የመስኖ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለክቡር ጋሼ ያሕያ
ሸዋሮቢት
ግልባጭ፦ ለመንደሩ የቴሌግራም ግሩፕ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። አላህ አፊያዎን ያብዛልዎ፤ ሽንኩርትዎንም ከመበስበስ ይጠብቅልዎ።

አስቀድሜ አንድ ወንጀሌን ልናገር። ኮሚቴው ሠንጠረዡን በገመገመበት ዕለት ቴምር ላቀርብ ገብቼ ከሳህኑ ሦስት ፍሬ ሰርቄያለሁ። አንዱ ትል ስለነበረበት ቅጣቴን እዚያው አግኝቻለሁ።

ከዚህ የከፋው ወንጀል የተሠራው ግን በስልክ ነው። ኮሚቴው የውሃ ተራችንን ከደብተር አውጥቶ ሁሉም አባል ከየስልኩ በሚያስተካክለው የጋራ ሠንጠረዥ ላይ ከማስፈሩ በፊት፣ «ለአጠቃቀም ይመቻል ወይ» ብሎ ስለመረመረ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ዘጠኝ ሰው አብሮ የሚሠራበት ነገር በአንድ ስልክ፣ ያውም በእርስዎ ስልክ መፈተኑ ታላቅ ብልሃት ነው።

፪. ነጥብ የተሰጠው በዕድሜ ቅደም ተከተል በመሆኑ፣ እርስዎ «አምስት ከአምስት» ሲሉ የቀሩት ስምንቱም አባላት «ጋሼ ያሕያ እንዳሉት» አሉ። ጋሼ ኡበይድማ መነጽራቸውን ቤት ረስተው መጥተው ፊደሉ ጥርት ብሎ እንደሚታይ መሰከሩ።

፫. ሥራው በተጀመረ ሳምንት አባላቱ «ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም» እየተባባሉ የየራሳቸውን ቀን እያጠፉ የእርስዎን ስም ጻፉበት። ይሁን፣ የራሳቸው ነው። ጋሼ ኡበይድ ግን የሚሰጡት ቀን ሲያልቅባቸው የእናቴን የዘይቱናን ሐሙስ ሰጡዎ። አቤት ልትል ስትመጣ እርስዎ «ስልኩ የጻፈውን እኔ እንዴት ልሰርዘው፣ ልጄ» አሏት። ስልክ ጣት የለውም፣ ጋሼ።

እነሆ ሁለት ሐሙስ አለፈ። በእርስዎ ማሳ እንቁራሪት መጮህ ጀምሯል። እናቴ ዘሩን ፍለጋ ካራቆሬ ድረስ የሄደችበት ሽንኩርት ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ዛሬም ካልጠጣ የዘንድሮው አበቃ።

ስለ ብስለትዎ፣ ስለ ፍትሕዎ፣ እንዲሁም በራስዎ ላይ ስላለዎት የማይናወጥ እምነት እያመሰገንኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ሂዳያ ኑዕማን፣ የዘይቱና ልጅ
የ፲፩ኛ ክፍል ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። ሠንጠረዡን አልነካሁም፤ አካፋ ግን አንስቻለሁ። ይህን የምጨርሰው ከቦዩ አፍ ላይ ተቀምጬ ሲሆን ውሃው የእናቴን አራተኛ መደብ ሞልቶ ወደ አምስተኛው እየገባ ነው። ከማዶ ከዘራዎን ይዘው ሲመጡ አያለሁና፣ መሻገሪያው ስለሚያዳልጥ በማንጎው በኩል ዞረው እንዲመጡ በታላቅ ትሕትና እመክራለሁ፤ እስከዚያ ስድስተኛውም ይደርሳል። አሁን ደግሞ «ሂዳያ፣ አንቺ ሂዳያ፣ ማን ክፈቺ አለሽ» እያሉኝ ነው