የመጸዳጃው በርና የሸህ ሀይደር አሚን

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዊዳድ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኪ የኔ ዓለም። ሥራው እንዴት ያደርግሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ጎርፉ ቤታችንን ከወሰደው ወዲህ እንዳልኩሽ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አክስትሽ ሸሪፋ ዘንድ እየተንቀባረርኩ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የምወርደው ለእርዳታው ጉዳይ ብቻ ነው። ደብዳቤ ጽፌ ወደ ጅዳ ለምትመጣው ለሀናን የሰጠሁት በስልክ ሲሆን ድምፄን ስለምትመረምሪ ነው።

አንቺና ጓደኞችሽ ለተፈናቃዮቹ የላካችሁት ገንዘብ ደርሷል። «ምን እንደሚገዛበት ሴቶቹ ይወስኑ» ማለታችሁን ተፈናቃዮቹ ያረፉበት ትምህርት ቤት ሄጄ ለኮሚቴው ነገርኩ። ኮሚቴው ሁሉም ወንድ ነው። ሰብሳቢው ሸህ ሀይደር ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙና «ሴት የሚያስፈልጋት ይታወቃል፣ ድስት ይገዛ» አሉ። የሚጣድ ሳይኖር ድስት!

ሴቶቹ የቸገራቸው የመጸዳጃ ቤት በር ነው። ጆንያ ነው የተጋረደበት፤ ነፋስ ሲመጣ ጆንያው ጥሎ ይሄዳል። ቀን ላለመውጣት ብለው ውሃ አይጠጡም። ፊርደውስ የምትባል እርጉዝ በዚሁ የተነሳ ራሷን ስታ ወድቃለች። ይህን በሽማግሌ ፊት ማን ደፍሮ ይናገር? ሁሉም ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ወላሂ እኔም ሻሼን ወደ አፌ ሳብኩ።

ሸህ ሀይደር «በሉ በዱዓ እንዝጋው፤ እስቲ ፈትሂያ መርቂን» አይሉኝም? የኛ ሰዎች እጃቸውን ከዘረጉ አሚን ማለት እንጂ መስማት አያውቁም። ጀመርኩ።

«አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን።»

«አሚን።»

«ዝናቡን የራህመት ያድርገው።»

«አሚን።»

«ለኮሚቴያችን ዕድሜ ይስጥልን፤ ድስቱን ትተው ለሴቶቹ መጸዳጃ ከውስጥ የሚቆለፍ የቆርቆሮ በር የሚያስገጥሙ ያድርጋቸው።»

«አሚን።» ከሁሉም የሸህ ሀይደር ድምፅ ጎልቶ ተሰማ።

ሸሁ ሴቶቹ ሲስቁ ነው የነቁት። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«ባልኩትማ እርስዎም አሚን ብለውበታል» አልኳቸው።

አሚን ያሉበትን ዱዓ ማን ያፈርሳል? ትንሽ አኮረፉና በማግስቱ አናጢ ይዘው መጡ። መቀርቀሪያውን ልሞክር ብለው ገብተው ተቆልፎባቸው ስንት ጮኸው ነው የወጡት። አሁን ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች አስገብተዋል፣ ዱዓ ላይ ከመደንገጥ ይሻላል ብለው መሰለኝ።

በሩ የተገጠመ ቀን ውሃ ጠግቤ ጠጣሁ።

ይኸው አመለጠኝ። የሸሪፋ ቤት ለራሷም አልበቃት፣ እኔ የት እገባለሁ? እዚሁ ትምህርት ቤት ነኝ ልጄ፣ ምንጣፌም ከፊርደውስ አጠገብ ነው። በሰው አገር ሆነሽ እንዳትጨነቂብኝ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን። አታልቅሺ። በሩ ጠንካራ በር ነው።

እናትሽ ፈትሂያ