አተሮቹ ተኝተዋል

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሳልህ ቀለል አለልህ? ያ የተሰበረው እግርህስ ብርዱን ቻለው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቄሱ የጻፉልህ ደብዳቤ በትንሣኤ ማግስት ደረሰኝ፤ ራሴ አነበብኩት። ፊደል የለየሁት ከቤተ ክርስቲያናችን ወለል፣ ከመቃብር ድንጋዮቹ ላይ ነው። ጽሕፈቴ የሙታን ስም ቢመስልህ አትሳቅብኝ።

"በከበባው ጊዜ የት ነበርክ?" ብዬ የጠየቅኩህ ለምን እንደሆነ አልነገርኩህም። አሁን ልንገርህ።

ስፔኖች ከተማችንን ማስትሪክትን ከከበቡ አራተኛ ወሩ ነበር። ቤታችን ከከተማው ቅጥር ሥር ስለሆነ፣ ወታደሮቹ ምድር ቤታችን ውስጥ ከበሮ አስቀመጡ፤ ከበሮው ላይ ሰባት ደረቅ አተር። ጠላት ቅጥሩን በባሩድ ሊያፈርስ ከሥር ከቆፈረ አተሮቹ ይዘላሉ፤ እኔ ሮጬ ለመቶ አለቃው እነግራለሁ፤ የእኛ ሰዎች ጉድጓዱን በጎን ሰብረው ገብተው የፈላ ውሃ ይለቁባቸዋል። ጎረቤቴ ሜክቴልድ በየጠዋቱ በመስኮት ብቅ ትልና፣ "ቆጠርሻቸው? አንዷ ከጎደለች ሆድሽን ነው ከበሮ የማደርገው" ትለኛለች። ፈረሶቹን እንኳ በልተን ጨርሰን ስለነበር ቀልዷ ግማሹ እውነት ነበር።

አንድ ጠዋት ብርሃኑ በትንሿ መስኮት እንደ ወተት ሲፈስ፣ አተሮቹ ተነቃነቁ። መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ ሁሉም፣ ሠርግ ላይ እንደሚጨፍሩ ሽማግሌዎች ቀስ ብለው። ጆሮዬን መሬቱ ላይ አደረግኩ። ሁለቴ ኳ ኳ፣ ዝምታ፣ አንዴ ኳ። አባባ ከከሰሉ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ "እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ" የሚልበት ምልክት ነው። ስፔኖች ከእኛ አገር፣ ከሊዬዥ፣ የከሰል ቆፋሪ መቅጠራቸው በከተማው ሁሉ ይወራ ነበር። ወንድም ዓለም፣ ከሥር የሚቆፍረው አንተ መሰልከኝ። የልጅነታችን ቤት ከእግሬ ሥር መጥቶ የቆመ ያህል ሆነብኝ። ጉንጬን ሳላነሳ ቆየሁ፤ መሬቱ ሞቅ ያለ ይመስል ነበር።

ባሌ ገርላክ ጦሩን በትከሻው ይዞ ወደ ቅጥሩ ሊወጣ ሲል፣ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ "አተሮችሽ ዛሬ ምን ይላሉ?" አለኝ።

"ተኝተዋል" አልኩት።

ወዲያው ተከትዬው ወጥቼ እጅጌውን ያዝኩ። "ዛሬ ቅር፤ ፊትህ ጥሩ አይደለም" አልኩት። ሳቀብኝ። "ማን ሊተካኝ ነው? አንቺ ነሽ ወይስ ሜክቴልድ?" ብሎኝ ሄደ።

ቀትር ላይ ገርላክ የቆመበት ቅጥር እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ተነፋና ፈረሰ። የፍንዳታው ድምፅ የመጣው ኋላ ነው። ከተማችን በዚያ ቀዳዳ ተያዘች፤ እኔን ያተረፈኝ ያው ምድር ቤት ነው። ገርላክ የመቃብር ድንጋይ የለውም። ስሙን ግድግዳው ላይ በከሰል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የጻፍኩት ቃልም እሱ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ "ወንድሜን አትርፌያለሁ" እያልኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። አንተ ግን በዚያ ዓመት ድንጋይ እግርህን ሰብሮህ ከአልጋ እንዳልወረድክ፣ ማስትሪክትንም በዓይንህ አይተሃት እንደማታውቅ ጻፍክልኝ። ያቺን ማንኳኳትማ የመንደራችን ቆፋሪ ሁሉ ያውቃታል። እኔም አውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ረሳሁት።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሽማግሌዎቹ ቢራ ቤት ሲሰበሰቡ፣ በዚያ ሰኔ ከማስትሪክት ቅጥር ሥር የቆፈረው ማን እንደነበር ጠይቅልኝ። በሕይወት ካለ ስለ እኔ ምንም አትንገረው። እህት እንዳለችው ብቻ ጠይቀው።

መብራትህ ከጉድጓድ በላይም ሆነ በታች አይጥፋብህ፤ እግርህን የሰበረውን ድንጋይ እግዚአብሔር ይባርከው።

እህትህ