ሳቱሪዮን ሰሌዳ ያዥ ስላደረጋችሁልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የታላቁ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ የዳኞች ምደባ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የወንድሜ ልጅ በፍጻሜው ጨዋታ አራተኛ ዳኛ ሆኖ ስለመመደቡ የተሰማንን ደስታ ስለመግለጽ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና፣ እንዲሁም ያንን ሐይቅ ዳር የተሠራውንና በቴሌቪዥን ባየሁት ቁጥር መስታወቱ ተወልውሎ የማገኘውን መሥሪያ ቤትዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በስፔን አገር፣ በሊዮን አውራጃ፣ በቪያርዴል መንደር የምንኖር መቶ ዐሥራ አራት ሰዎች፣ ከጥቂት የጉልበት ሕመምና ከእናንተ ውሳኔ በስተቀር ደህና ነን።

ስሜ ኦብዱሊያ ካስትሪዮ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደሩን ፖስታ ቤት ብቻዬን ስመራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ በዚህም ምክንያት ደብዳቤ እንዴት ተጽፎ እንደሚላክ ብቻ ሳይሆን እንዴት ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ እንደሚገባም ጠንቅቄ አውቃለሁ። ይህንን በጋዜጣ ላይ ያወጣሁት የእርስዎን መሳቢያ ላለማጨናነቅ ነው። የዳኛው የሳቱሪዮ አክስት ነኝ። እሱ ይህን እንደምጽፍ አያውቅም። ሲያውቅ ደግሞ በጣም እንደሚያፍርብኝ እርግጠኛ ነኝ፤ ሆኖም ሰባ ሁለት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ሰው አፈረብኝ ብዬ እንቅልፍ አላጣም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ታላቅ ወንድሜን፣ የሳቱሪዮን አባት ኒካኖርን ላስተዋውቅዎ። ኒካኖር ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከየመንደሩ ወተት የሚሰበስብ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ከዐሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ ደግሞ የዲፖርቲቮ ካስቲያ አባል የሆነና ክለቡ ሲሸነፍ ለሁለት ቀን ያህል ሰው የማያናግር ሰው ነው። ሳቱሪዮ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊሽካ ይዞ ጎረቤት መንደር ሲያጫውት፣ በወተት መኪናው ወስዶ ያደረሰው እሱ ነበር። ልጁ በመጨረሻው ደቂቃ በባለሜዳዎቹ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። የመንደሩ ሰዎችም እንደ ልማዳቸው ዳኛውን አንሥተው ከብት ማጠጫው ገንዳ ውስጥ ከተቱት፤ ብቻውን እንዳይሆንም አባቱን ጨመሩለት። ኒካኖር ከገንዳው ሲወጣ ልጁን ምን እንዳለው ዛሬም ድረስ ይወራል፤ «ልክ ነህ፤ አይቻለሁ። በል ሸሚዝህን ጨምቅና መኪና ውስጥ ግባ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኒካኖር ምኞት አንድ ሆነ፤ ልጁ የታላቁን ዋንጫ ፍጻሜ በፊሽካው ሲያስጀምር ማየት። ሳቱሪዮ በመጪው ሐምሌ አርባ አምስት ዓመት ይሞላዋል፤ በደንባችሁም መሠረት ፊሽካውን ያስረክባል። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም ማለት ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ የልደት ቀኑ በፋይላችሁ ውስጥ አለ። የሌለው የኒካኖር የልደት ቀን ስለሆነ እሱን ልጨምርልዎ ብዬ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ማንም ዳኛ የአገሩ ክለብ በሚጫወትበት ጨዋታ አይመደብም የሚለውን ደንባችሁን አደንቃለሁ። እጅግ ትክክለኛ ደንብ ነው፤ እኔም ብሆን የገዛ ጎረቤቴ ከእንግዳ ጋር ተጣልቶ ዳኚ ብባል ፍርዴን አላምነውም። የእኛ ችግር የአገራችን ክለቦች ማሸነፍ አለመተዋቸው ነው። አምስት ዓመት በተከታታይ ሳቱሪዮ እስከ ሩብ ፍጻሜ አጫውቷል፣ ከእናንተም ምርጥ ነጥብ አግኝቷል። አምስቱንም ዓመት ከአገራችን አንዱ ክለብ ፍጻሜ ደርሶ እሱ ብራውሊዮ ቡና ቤት ከእኛ ጋር ተቀምጦ ጨዋታውን አይቷል። ይህም ለመንደራችን ቀላል ጉዳት አልነበረም፤ በመላው ስፔን ዳኛ የማይሰደብበት ብቸኛ ቡና ቤት የእኛ ሆኖ ቀረ። አንድ ሰው ገና አፉን ሲከፍት ሳቱሪዮ በትሕትና ወደ እሱ ዞሮ የደንቡን አንቀጽ ይነግረዋል።

2ኛ፦ ዘንድሮ ከአገራችን ክለቦች ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱም የኒካኖር ዲፖርቲቮ ካስቲያ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ክለቡ ካለፈ ሳቱሪዮ የለም፤ ከወደቀ መንገዱ ክፍት ነው። የመልሱ ጨዋታ ዕለት ሳቱሪዮ በሥራ ላይ ስለነበር አብሮን አልነበረም። ኒካኖር ግን ከስድሳ ዓመት በላይ አንድም ጊዜ ያላወለቀውን የክለቡን ሻርፕ ቤቱ ትቶ መጣና ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ብራውሊዮ ወይን እየቀዳለት፣

«ጋሽ ኒካኖር፣ ዛሬ ለማን ነን?» ቢለው፣

«ለማንም። አንተ ዝም ብለህ ቅዳ» አለው።

ካስቲያ ጎል ሲያስገባ ሁላችንም ብድግ አልንና ወዲያው ኒካኖርን ዐይተን ተመልሰን ተቀመጥን። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ጎል ነው፤ አጨብጭቡ እንጂ!» ብሎ ጮኸብን። እሱ ራሱ ግን አላጨበጨበም። ተጋጣሚዎቻችን ኖርድሃፈኖችም አገቡና በድምር ውጤት እኩል ሆኑ። በመጨረሻው ደቂቃ ደግሞ ኳሷ የተከላካያችንን ትከሻ ነካች፤ ዳኛው እጅ ነው ብለው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። እኒህን ዳኛ በስማቸው መጥራት ጨዋነት ስለማይሆን ረጅሙ ዳኛ እላቸዋለሁ። የቪዲዮ ዳኞቹም አራት ደቂቃ ሙሉ ከየአቅጣጫው መርምረው የሰው ትከሻ እጅ መሆኑን አረጋገጡ። በቡና ቤቱ ውስጥ በዚህ የተስማማ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«እጅ ነው! እኔ አይቻለሁ፣ እጅ ነው!» አለ ኒካኖር፣ ያለ መነጽሩ።

«ኧረ ጋሽ ኒካኖር፣ ትከሻው እኮ ነው!» አለው ብራውሊዮ።

«ትከሻስ ምኑ ላይ ነው የተሰካው? እጁ ላይ አይደል? ዝም በል እስቲ፣ ሰውየው ይምታበት!»

ሰውየው መታ፣ ገባ፣ ክለባችን ወደቀ። ኒካኖር አለቀሰ። ከደስታ ይሁን ከሐዘን እኔም አልጠየቅሁት፤ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። በማግስቱ ጠዋት ግን ቤቴ መጥቶ ለክለቡ የይቅርታ ደብዳቤ እንድጽፍለት ለመነኝ። ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ብጠይቀው፣ «ለልጄ ብዬ ነው የከዳኋችሁ በያቸው። ልጅ ያለው ሰው ይገባዋል» አለኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ ስንት ደብዳቤ በእጄ አልፏል፤ የዚያኛውን ግን ቴምብር ከራሴ ኪስ ከፍዬ ላክሁት።

3ኛ፦ ከዚህ በኋላ ለሳቱሪዮ የላካችሁት ደብዳቤ ደረሰ። እሱ አጥፎ ኪሱ ሊያስገባው ሲል እኔ በቀድሞው የፖስታ ቤት ሥልጣኔ ተቀብዬ አነበብኩት። የአገሩ ክለብ በኖርድሃፈን ተሸንፎ ስለተሰናበተ ዳኛው ቂም ይይዛል የሚል ጥርጣሬ እንዳይነሣ በማሰብ የፍጻሜው ዋና ዳኛ ሳይሆን የጭማሪ ደቂቃ ሰሌዳ የሚይዝ አራተኛ ዳኛ እንዳደረጋችሁት በጥሩ ወረቀት ላይ በጥሩ ቋንቋ ገልጻችኋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአገሩ ክለብ ሲያሸንፍ ያዳላል፤ ሲሸነፍ ቂም ይይዛል። ስለዚህ ሳቱሪዮ ፍጻሜ ለማጫወት የሚበቃው አገሩ እግር ኳስ መጫወት ስታቆም ነው፤ ይህም እስከ መጪው ሐምሌ ድረስ የሚሳካ አይመስለኝም። ቢያንስ ግን ደንቡን አስቀድማችሁ ብትነግሩን ኖሮ ኒካኖር ክለቡን በከንቱ ባልከዳ ነበር።

4ኛ፦ በሳቱሪዮ ምትክ ረጅሙን ዳኛ «በግማሽ ፍጻሜው ባሳዩት ከፍተኛ ብቃት» መምረጣችሁን በልዩ አክብሮት ተመልክቻለሁ። ተሸናፊው ቂም ይይዝ ይሆናል ብሎ የሰጋው ኮሚቴያችሁ፣ ለኖርድሃፈን ትከሻን እጅ አድርገው ወደ ፍጻሜ ያሳለፉ ሰው ለኖርድሃፈን እንደገና ይራሩ ይሆን ብሎ ለአፍታ እንኳ አለመጠርጠሩ የልብ ንጽሕናውን ያሳያል። እንዲህ ያለ የዋህ መሥሪያ ቤት በዚህ ዘመን ማግኘት ከባድ ነው።

ሳቱሪዮ ሸሚዝ መተኮስ ጀመረ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሲከፋው ሸሚዝ ይተኩሳል፤ በዚያ ሳምንት የመንደሩ ሸሚዝ ሁሉ ተተኩሶ አለቀ። እኔ ስበግን ቀና ብሎ፣ «አክስቴ፣ ሰሌዳ መያዝም ሥራ ነው እኮ። አንድ ሰው መያዝ አለበት» ብቻ አለኝ። ይህን ሲለኝ እንባዬ መጣ፤ ስለተናደድኩ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ሃያ ስድስት ዓመት በየሜዳው ሲሰደብ፣ ሲገፋ፣ ገንዳ ሲገባ የኖረ ሰው ከእናንተ የጠበቀው ሌላ ምንም አልነበረም፤ አንድ ጊዜ፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ፊሽካ መንፋት ብቻ።

5ኛ፦ የመጨረሻው ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ። ለአራተኛ ዳኛ ቤተሰብ ሁለት የመግቢያ ወረቀት ስለላካችሁ እኔና ኒካኖር እንመጣለን። በመንደሩ ያሉት ሁሉ፣ በዚህ ዕድሜው ያን ያህል መንገድ ሄዶ ከመስመር ውጭ የቆመ ልጁን ቢያይ ምን ሊጠቅመው ነው ብለው ሊያስቀሩት ሞክረው ነበር። ኒካኖርም፣ «ኳሱን እናንተ እዚህ እዩልኝ። እኔ የማየው አለኝ» ብሎ ዘጋቸው። ከዚያ ለሳቱሪዮ አንድ መልእክት ላከ፤ ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ ይያዘው፣ ዐይኔ ከሩቅ አያይም አለ። እንግዲህ ያን ዕለት ከስታዲየሙ ሕዝብ መካከል፣ የጭማሪው ደቂቃ ስንት መሆኑ ግድ ሳይሰጠው፣ ቁጥሩ ብቅ ሲል ብድግ ብሎ የሚያጨበጭብ አንድ ሽማግሌ ካዩ፣ አልተሳሳተም፤ ክቡርነትዎ ቢመቸው እርስዎም ቢያጨበጭቡ ደስ ይለናል።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሚመጡት ብዙ የምደባ ዘመናት ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴው አባላትም የሰውን ትከሻና እጅ የሚለይ አንድ ጥሩ ሐኪም እመኛለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ ትጉህ አንባቢ ሆና የምትቀር፣

ኦብዱሊያ ካስትሪዮ
የቀድሞ የቪያርዴል ፖስታ ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦
— ለዲፖርቲቮ ካስቲያ ጽሕፈት ቤት፣ ከቀደመው የይቅርታ ደብዳቤ ጋር እንዲያያዝ
— ለብራውሊዮ ቡና ቤት፣ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደንባችሁን ከዳር እስከ ዳር ሳነብ፣ ዋናው ዳኛ በሕመም ምክንያት ጨዋታውን መምራት ካልቻለ ፊሽካውን አራተኛው ዳኛ ይረከባል የሚል አንቀጽ አገኘሁ። ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ጉዳይ፣ ለረጅሙ ዳኛ ሦስት ኪሎ የመንደራችንን የደም ቋሊማ፣ ሽንኩርቱና ቀይ በርበሬው ሳይቀነስ፣ በእርስዎ አድራሻ ልኬላቸዋለሁ። እዚህ ያልተወለደ ሰው ሲበላው ይጣፍጠዋል፤ ከዚያ ግን እስከ ማግስቱ ከወንበር መነሣት ያቅተዋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። በጨዋታው ዕለት ምሳ ላይ ሞቅ ተደርጎ እንዲቀርብላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ። ለሳቱሪዮ እንዳይሰጡት አደራ፤ እሱ ያን ቀን የሚያስሮጥ ሥራ ሊገጥመው ይችላል።